በሁዳዴ የግመል ሥጋ

ሐረር መጥታችሁ «በሁዳዴ ግመል የሚበላው መምህር ቤቱ የት ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ከፈረስ መጋላ እስከ ፈላና በር ያለ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ይመራችኋል። አንዳንዱ እንዲያውም በሩን አንኳኩቶላችሁ ነው የሚሄደው። ታዲያ ከመምጣታችሁ በፊት እውነቱን ከእኔው ብትሰሙት ይሻላል። በአፌ ግመል ገብቶ አያውቅም። ሽታውን አውቃለሁ፣ አቆራረጡን አውቃለሁ፣ ታፋውን ከጎኑ ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ እለያለሁ፤ ጣዕሙን ግን አላውቅም። ይህን ነግሬው ያመነኝ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም፤ እናንተም ባታምኑኝ አልቀየምም።

ነገሩ የጀመረው በፍቅር ነው። የሰው ስም የሚጠፋው ወይ በመጠጥ ወይ በፍቅር ነው፤ መጠጡን ጨጓራዬ ከልክሎኛል።

ትዕግሥት የምትባል የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ወደድኩ፣ እሷም አልጠላችኝም፤ ጾም ሊገባ ሲል ሽማግሌ ላክሁ። አባቷ ሻምበል አድማሱ ጡረተኛ ወታደር ናቸው። ጡረታ የወጡት ከሠራዊቱ ነው እንጂ ከማዘዙ አይደለም፤ የግቢያቸው ዶሮዎች እንኳ ተሰልፈው ነው የሚገቡት ይባላል። ሽማግሌዎቼን በክብር ተቀበሏቸው። «ለሀብት ግድ የለኝም» አሉ። «የሚጾምና ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ከሆነ ይበቃኛል። ሁዳዴን ልየውና ከፋሲካ በኋላ ተመለሱ።»

እኔ ደግሞ በጾም አልታማም። በመምህር ደመወዝ ሳይፈልጉትም ይጾማል። ስለዚህ ልጅቷን የሰጡኝ ያህል ቆጥሬ፣ መስታወት ፊት ሙሽራ ሙሽራ ስጫወት ሰነበትኩ።

ችግሩ ኩኪ ነው። ኩኪ የትዕግሥት ውሻ ነው። በሐረር ደንብ ውሻ ማለት ጅብ ሲጮህ መልሶ የሚጮህ ነገር ነው። ኩኪ ግን የጫማ ካርቶን ውስጥ ገብቶ ክዳኑ የሚገጠምለት፣ ጸጉሩ ዓይኑን የሸፈነው፣ ሲያስነጥስ በገዛ ማስነጠሱ የሚወድቅ ፍጡር ነው። መጮህ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ሻምበል ይህን አይተው «እኔ ግቢ የሚጠብቅ ውሻ እንጂ የሚጠበቅ ውሻ አይኖርም፤ ይውጣ» ብለው አዘዙ። ትዕግሥትም «ከከተማ ውጭ፣ ድሬ ጠያራ፣ ለአንድ ገበሬ ሰጠሁት» ብላ አባቷን ዋሸችና፣ ውሻውን በዘንቢል ይዛ እኔ ቤት ከች አለች። እሷ ለሥልጠና አዲስ አበባ ልትሄድ ነው፤ እስከ ፋሲካ አትመለስም።

«አባቴ እንዳያውቅ» አለችኝ። «እንደዋሸሁት ካወቀ፣ አንተም አብረኸኝ እንደዋሸህ ካወቀ፣ የእኛ ነገር እዚያው ላይ አበቃ።»

«ማን ይነግራቸዋል?» አልኳት ደረቴን ነፍቼ።

«ሌላው ደግሞ፣ ኩኪ የበሰለ አይበላም።»

«ታዲያ ምን ይበላል?»

«ጥሬ ሥጋ።»

ልብ አድርጉ፤ ቀኑ የቅበላ እሑድ ነው። ሰው ሁሉ ሥጋን ሊሰናበት ሥጋ ቤት ተሰልፏል። በማግስቱ የክርስቲያን ሥጋ ቤት በሙሉ ቢላውን አጥቦ፣ መጋረጃውን ጠቅልሎ ይዘጋል። ይህን አስረዳኋት። እሷም አስረዳችኝ፦ ሩዝ በመረቅ ብትቀቅልለት፣ ካሮት ብትፈጭለት፣ ፊቱን አዞረባት። ስልኳን ከፍታ ስትፈልግ አንዲት ፈረንጅ ሴት «ትንሽ ውሻም ቢሆን ዘሩ የተኩላ ነው፤ የሚስማማው ጥሬ ሥጋ ነው» ስትል አየች። የተኩላውን ዘር ዞር ብዬ አየሁት። ከሶፋዬ ላይ መውረድ ፈርቶ ያለቅስ ነበር።

ያኑ ዕለት ተሰልፌ የገዛሁት የቅበላ ሥጋ ፍሪጅ ውስጥ ጥቂት ቆየና አለቀ። እስከዚያው ድረስ ያየሁትን መከራ ልንገራችሁ። እኛ እኮ ጥሬ ሥጋ ስናይ ራሳችንን የምንስት ሕዝብ ነን። ከሽሮ በቀር ሌላ ያልቀመሰ ሰው፣ ቢላ ይዞ፣ ቀዩን ሥጋ እንደ ሙያተኛ በልኩ እየቆረጠ ለውሻ ሲያቀርብ አስቡት። አንድ ቀን እጄ ከልማድ የተነሣ ሳላስበው ወደ ሚጥሚጣው ሄዶ፣ ነስነስ አድርጎ ለኩኪ ሰጠው። ያን ቀን ማስነጠሱ አላበቃም ነበር፤ ወደቀ፣ ተነሣ፣ ወደቀ፣ በመጨረሻ አልጋ ሥር ገብቶ አኮረፈኝ። ከአልጋው ሥር እንዲወጣ በሆዴ ተኝቼ «ብላ እንጂ፤ አይዞህ፣ ማን ያይሃል» እያልኩ ለመንኩት።

ይህን ልመና ያየው ሰው የለም፤ የሰማው ግን ነበር። አከራዬ እትዬ አስካለ መስኮቴ ሥር ጎመን ይቀነጥሱ ኖሯል። እሳቸው ፊት ለፊት ባለው ትልቁ ቤት፣ እኔ ከኋላ ባለችው ሰርቪስ ነው የምንኖረው። ውሻ መኖሩን አያውቁም። የሰሙት አንድ ወንደላጤ በሁዳዴ ብቻውን ተቀምጦ «ብላ፣ ማን ያይሃል» ሲል ነው። ልጁን ሰይጣን እየተፈታተነው ነው፣ ሰይጣኑም እየረታ ነው ብለው ለማኅበራቸው ተናገሩ። በጸሎት እንዳሰቡኝ በኋላ ነው የሰማሁት።

ሥጋው ሲያልቅ ሽሮ ሰጠሁት፤ አሸተተና ፊቱን አዞረ። ምስር ሰጠሁት፤ ሳህኑን በአፍንጫው ገፋው። ትዕግሥት ስትደውል «ድምፁን አሰማኝ» ትለኛለች፤ ድምፅ የሌለውን ውሻ ምኑን ላሰማት። ጎኑን ስዳስሰው አጥንቱ ተቆጠረ። የሰው አደራ በእጄ ሊሞት ነው። እንግዲህ ቆቤን እስከ ቅንድቤ አወረድኩና ወደ ሙስሊም ሥጋ ተራ ወረድኩ።

ያን ዓመት ሁዳዴና ረመዳን አንድ ላይ ነው የገቡት። ከተማው ሁሉ ጾመኛ ነበር። ሐረር ውስጥ ያን ሰሞን በጠራራ ፀሐይ ሥጋ ይበላ የነበረው ኩኪ ብቻ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሥጋ ቤቶቹ የሚከፈቱት ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ለማፍጠሪያ ሲሸምት ነው። አብዲ የሚባል ሳቂታ ሥጋ ሻጭ አገኘሁ። የመጀመሪያ ቀን የበሬ ሥጋ ሰጠኝ። ስቡ የኩኪን ሆድ ምን እንዳደረገው ምንጣፌ ይመስክር፤ እኔ አልናገርም። ትዕግሥት በስልክ «ስብ የሌለው ግዛ» አለችኝ። በማግስቱ ለአብዲ ይህንኑ ነገርኩት።

«ስብ የሌለው ከፈለግህማ ግመል ነዋ፣ አቦ» አለኝ። «የግመል ስቡ ሻኛው ላይ ነው የሚቀመጠው። ታፋው ንጹሕ ቀይ ነው፣ ወላሂ።»

አሁን ሒሳቡን አብረን እንሥራ። በሁዳዴ ሥጋ መግዛት አንድ ኃጢአት ነው። የሙስሊም ሥጋ ሲሆን፣ በእኛ ደንብ፣ ሁለት። ግመል ሲሆን ሦስት። እኔ ግን የማስበው ስለ ምንጣፉ ነበር፤ ገዛሁ። ለውሻ መሆኑን ለአብዲ አልነገርኩትም። በቢስሚላህ የታረደ ሥጋ ለውሻ ነው ብዬ ብነግረው ቅር ይለዋል ብዬ ፈራሁ። ዝም ያለ ሰው ደግሞ ሌላው ይናገርለታል።

«መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ?» አለኝ አንድ ቀን፣ ቢላውን አስቀምጦ። «ልብህ ተከፍቷል፣ አይደል? አትደብቀኝ። ለማንም አልናገርም።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ። ክርስቲያን ሰው በጾሙ፣ የሙስሊም ሥጋ፣ ያውም ግመል፣ ቆቡን አውርዶ የሚገዛው ለምን ይመስላችኋል? ሊሰልም ነው። አይደለም እንዳልል ለምን ትገዛለህ ይለኛል፤ አዎ እንዳልል ደግሞ እግዚአብሔር አለ። ግራ ሲገባኝ ከአፌ የወጣው «ገና ነው» የሚል ሆነ።

«ማሻአላህ» አለ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። «አትቸኩል፤ አላህ በጊዜው ያደርገዋል።» ከታፋው ላይ አንድ ትልቅ ቁራጭ ቆርጦ መረቀልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምርቃቱ ከገዛሁት መብለጥ ያዘ። በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ከልቤ የማፍረው በአብዲ ነው፤ ደግ ሰው ነው።

ቀጥሎ ያጠፋኝ ጭልፊት ነው። የሐረር ጭልፊት ከሥጋ ተራ ሰው ጋር ያደገ ወፍ ነው፤ ፌስታል ሲያይ ውስጡ ሽንኩርት ይሁን ሥጋ ከሰማይ ሆኖ ያውቃል። እኔም ይህን ስለማውቅ ፌስታሌን ሁልጊዜ ብብቴ ሥር ነበር የምይዘው። ያን ቀን ግን ስልኬ ጮኸ። ትዕግሥት ናት። ፈረስ መጋላ መሐል ቆሜ ስልኩን ላነሣ እጄን ከፈት ሳደርግ አንድ ነገር ጆሮዬ ሥር ሽው አለ፤ ፌስታሉ የለም።

ሰዓቱን ልንገራችሁ። በሁዳዴ ቅዳሴ የሚወጣው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሥጋ ተራውም የሚከፈተው ያኔ ነው። ምእመናኑ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ፊታቸው በጾም ጠውልጎ፣ አደባባዩን ሞልተውታል። ጭልፊቱ ከአናታቸው በላይ ፌስታሉን ይዞ ዞረ። የአብዲ ምርቃት ከብዶት ኖሮ ፌስታሉ ተቀደደ፤ ታፋው እየተገለባበጠ ወርዶ፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መርጦ፣ እትዬ አስካለ ትከሻ ላይ አረፈ።

አደባባዩ በሙሉ ባለበት ቆመ። የባጃጁ ሾፌር እንኳ ጥሩምባውን ተወ። እኔ እንደማንኛውም ብልህ ሰው ወደ ሰማይ አንጋጥጬ «የማን ይሆን?» የሚል ፊት አሳየሁ። ሊያልፍልኝም ነበር። ነገር ግን ከሥጋ ተራው በኩል አብዲ ሽርጡን ሰብስቦ፣ አዲስ ፌስታል አንጠልጥሎ እየሮጠ መጣ።

«መምህር! አይዞህ አቦ፣ አትዘን። ግመሉን ጭልፊት ቢወስድብህ ሌላ አምጥቼልሃለሁ። በነፃ ነው» ብሎ እጄ ላይ አስጨበጠኝ።

እትዬ አስካለ የነጠላቸውን ደም አዩ፤ ፌስታሌን አዩ፤ ቀጥለው እኔን አዩኝ። «ለዚህ ነው ለካ ብላ ብላ ስትል የነበረው፣ ልጄ» አሉ በቀስታ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤት ገባ። በማግስቱ ክፍል ስገባ ተማሪዎቼ ሰሌዳው ላይ ግመል ሥለው ጠበቁኝ። የባዮሎጂ መምህር ነኝና፣ ሻኛውን አንገቱ ላይ አድርገውት ስለነበር አርሜላቸው ወጣሁ። ትዕግሥት በስልክ «እባክህ እስከ ፋሲካ ቻለው፤ መጥቼ እኔው ለአባቴ እነግረዋለሁ» ብላ አለቀሰች። ሴት ስታለቅስ እኔ ምንም ነገር እችላለሁ፤ ቻልኩት።

ይህ ሳያንስ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ሻምበል አድማሱን ድሬ ጠያራ አየኋቸው» አለኝ። «ሱፋቸውን ለብሰው፣ በየገበሬው ደጃፍ እየቆሙ የሆነ ነገር ይጠይቃሉ።» እኔ እዚህ ከመዛወሬ በፊት ድሬ ጠያራ ነበር የማስተምረው። ሻምበል የሙሽራውን ጠባይ ሊያጣሩ ወጥተዋል ማለት ነው። እዚያ የሠራሁትን ሁሉ አንድ በአንድ አስታወስኩ። የተማሪዎቼን የፈተና ወረቀት የበላችብኝን ፍየል በእርግጫ ብያት ነበር። የፍየሏ ባለቤት ይህን እንደማይረሳ አውቅ ነበር።

በሕማማት አንድ ከሰዓት በኋላ በሬ ተንኳኳ። በቀዳዳ ሳይ የሻምበል ኮት ነው። ኩኪን ቁም ሳጥን ውስጥ ከተትኩት፤ ዝም እንዲልልኝ አንድ ትልቅ ቁራጭ ሥጋ አብሬ ጣልኩለትና ከፈትኩ። እንደምታውቁት በሕማማት ሰላምታ የለም፤ አይጨባበጡም፣ አይሳሳሙም። ሻምበል ዝም ብለው ሲገቡ ለሃይማኖቱ ይሁን ለጥላቻ ልለይ አልቻልኩም። ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

«ፍሪጁን ክፈተው» አሉኝ።

ከፈትኩት። ታፋው ሳህን ላይ ተጋድሟል።

«ይኼ የማን ነው?»

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ እዚህ ላይ ቀልዱን ትንሽ ልተወው። የውሻ ነው ብል ልጅቷ አባቷ ፊት ውሸታም ልትሆን ነው። የእኔ ነው ብል ልጅቷን ላጣት ነው። ለካ እወዳታለሁ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር።

«የእኔ ነው፣ ሻምበል» አልኩ። «እኔ ነኝ የምበላው።»

«በሕማማት?»

«በሕማማት።»

«ግመል?»

«አዎ፣ ግመል።»

«ጥሬውን?»

«ጥሬውን።» ትዕግሥት ያለችበት ቤት፣ ያሰብኩት ሠርግ፣ ሁሉም ከዚያ ሳህን ጋር ፍሪጅ ውስጥ ቀዘቀዘ።

ሻምበል ሊነሡ ከዘራቸውን ተመረኮዙ። ያኔ የቁም ሳጥኑ በር ሲጥ አለ። ኩኪ ወጣ። ቁራጩን ሥጋ እዚያው ትቶታል። እኔን እንደማያውቀኝ አልፎኝ፣ ክፍሉን አቋርጦ፣ ሻምበል እግር ሥር ደረሰ። በኋላ እግሩ ቆመና በፊት እግሮቹ የቀኝ ኮት ኪሳቸውን ይቧጥጥ ጀመር። የግራውን ኪስ ዞር ብሎ አላየውም።

ሻምበል ደነገጡ። እጃቸው ከልማዱ ወደ ኪሱ ገባና በሶፍት የተጠቀለለ ነገር ይዞ ወጣ። ቋንጣ ነው። ኩኪ ተቀበላቸው።

«ከስቷል» አሉ ሻምበል፤ ድምፃቸው ተሰበረ። «ምን ስታበላው ነበር?»

«እርስዎ አይደሉም እንዴ ከግቢ ይውጣ ያሉት?» አልኩ በመገረም።

«ትእዛዝ ነዋ። ከወጣ በኋላ እንዴት ይሻራል?» ብለው ኩኪን ጉልበታቸው ላይ አወጡት። «እሷ ወደ ሥራ ስትሄድ ጠዋት ጠዋት ቋንጣ እሰጠው ነበር። ይለምዳል፣ ውሻ ነዋ። እሷ ሩዟን ስታቀርብለት ጠግቦ ይጠብቃታል። ድሬ ጠያራ ስንቴ ተመላለስኩ መሰለህ። ገበሬው ሁሉ ሳቀብኝ፤ ይኼን የሚያህል ውሻ ማን ይይዛል፣ ዶሮ ያባርረዋል አለኝ።»

ስለ ፍየሏ ማንም አልጠየቀም ማለት ነው። የተኩላው ዘርም ቀረ፤ የፈረንጇ ትምህርት፣ የእኔ ስም፣ የእትዬ አስካለ ነጠላ፣ ሁሉም የአንድ ቋንጣ ሥራ ሆኖ ተገኘ። እንስቅ ወይ እናልቅስ ሳንወስን ከደጅ የነጠላ ጫማ ድምፅና ሳል ተሰማ። እትዬ አስካለ ናቸው። ሻምበል በወታደር ፍጥነት ቋንጣውን ወደ ኪስ፣ ኩኪን ወደ ኮታቸው ውስጥ ከተው ቆለፉ።

«ሻምበል፣ እውነት ነው?» አሉ እትዬ አስካለ በሩ ላይ ቆመው።

ሻምበልን አየኋቸው። አሁን እውነቱ ይወጣል፤ ስሜ ይነጻል፤ ነጠላው ይታጠባል ብዬ ጠበቅኩ።

«እውነት ነው፣ ወይዘሮ አስካለ» አሉ ሻምበል። «በአፉ አምኗል። መክሬዋለሁ፤ ወጣት ነው፣ ይመለሳል።»

«ኮትዎ ይንቀሳቀሳል።»

«ብርዱ ነው» አሉና እያነከሱ ወጡ።

ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌዎቼ ሲመለሱ ሻምበል ብዙ አላስጠበቋቸውም። «ፊቴ ቆሞ ሌላ ሰው ላለማሳፈር የራሱን ስም የሰጠ ልጅ ነው፤ ቃሉን ይጠብቃል» ብለው ሰጡኝ። ሽማግሌዎቹ የግመሉን ወሬ ሰምተው ስለነበር እርስ በርስ ተያዩ። ኩኪም ወደ ሻምበል ግቢ ተመለሰ። ትዕግሥት ስትመጣ አባቷ «ከድሬ ጠያራ ራሱ መንገዱን ፈልጎ መጣ» አሏት። እሷም ድሬ ጠያራ አልነበረም ብትል የራሷ ውሸት ሊወጣ ነው፤ «ጎበዝ ውሻ ነው» አለች። ሦስታችንም ሁሉን እናውቃለን፤ አንዳችንም አንናገርም።

ተጋባን። ደህና ኖርን። የሚቀጥለው ጾም ሲገባ ሻምበል ደወሉልኝ።

«የኩኪ የቋንጣ ሥጋ አልቋል» አሉ። «ያ ስብ የሌለው ነበር የተስማማው። ወረድ በልና ይዘህ ና።»

«እርስዎ ለምን አይወርዱም፣ አባባ?»

«እኔ? በጾም? ሰው ምን ይለኛል?»

«እኔንስ?»

ትእዛዝ ሲሰጡ የሚሰማው ድምፃቸው መጣ። «የአንተ ስም እንደሆነ አንዴ ጠፍቷል፣ ልጄ። በአንድ ውሻ የሁለት ሰው ስም ምን ያስጠፋል?»

ቆቤን እስከ ቅንድቤ አወረድኩና ወደ ሥጋ ተራ ወረድኩ። አብዲ ከሩቅ ሲያየኝ ፊቱ በራ። «መምህር፣ ገና ነው?» አለኝ። «ገና ነው» አልኩት፤ መረቀልኝ። ፈረስ መጋላን ሳቋርጥ ቅዳሴ እየወጣ ነበር። እትዬ አስካለ ፌስታሌን አይተው አማተቡ። እኔም አብሬያቸው አማተብኩ፤ ጭልፊቱ ከላይ እያየኝ ነበር።